የስፓኒሽ መደበኛ ግሶች በአሁን ጊዜ፦ ጥያቄና መልስ

ስፓኒሽ የምትጀምሩ ሁሉ ስለ መደበኛ ግሶች የአሁን ጊዜ እርባታ የከበዳችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹን እዚህ መልሻለሁ። የስፓኒሹን ቃል በአነባበቡ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ መደበኛ የሚባለው ግስ የትኛው ነው? እርባታውን አንድ ጊዜ ሙሉውን ቢያሳዩን።

መልስ፦ የስፓኒሽ ግስ መነሻ ቅርጹ፣ የእኛን «መናገር»፣ «መብላት» የሚመስለው ማለት ነው፣ በ«አር»፣ በ«ኤር» ወይም በ«ኢር» ያልቃል። መደበኛ ግስ ይህን መጨረሻ ይጥልና ሥሩ ሳይነካ የባለቤቱን ምልክት ይቀበላል። «አብላር» (መናገር) እንዲህ ይረባል፦ አብሎ፣ እናገራለሁ፤ አብላስ፣ ትናገራለህ፤ አብላ፣ ይናገራል፤ አብላሞስ፣ እንናገራለን፤ አብላይስ፣ ትናገራላችሁ፤ አብላን፣ ይናገራሉ። «ትራባኻር» (መሥራት) እና «ኮምፕራር» (መግዛት) በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ከሦስቱ ወገኖች ብዙ ግስ ያለው የ«አር» ስለሆነ ከእሱ ጀምሩ።

ጥያቄ፦ ለወንድና ለሴት የተለያየ ነው?

መልስ፦ ግሱ ላይ አይለያይም። «አብላስ» ለአንተም ለአንቺም፣ «አብላ» ለእሱም ለእሷም ያገለግላል።

ጥያቄ፦ የ«ኤር» እና የ«ኢር» ይምታቱብኛል።

መልስ፦ የሚለያዩት «እኛ» እና «እናንተ» ላይ ብቻ ነው። «ኮሜር» (መብላት) ኮሞ፣ ኮሜስ፣ ኮሜ፣ ኮሜን ይላል፤ «ቢቢር» (መኖር) ቢቦ፣ ቢቤስ፣ ቢቤ፣ ቢቤን ይላል። «እኛ» ስንል ግን ኮሜሞስ እና ቢቢሞስ፣ «እናንተ» ስንል ኮሜይስ እና ቢቢስ ይሆናሉ። ሁለት ቦታ ብቻ ነውና አያስፈራም።

ጥያቄ፦ ከእያንዳንዱ ግስ በፊት «ዮ» (እኔ)፣ «ቱ» (አንተ) እያልኩ ነው የማጠናው። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ከሁሉ አጥብቄ የምመክረው እዚህ ላይ ነው፤ ተውላጠ ስሙን ተዉት። በአማርኛ «እኔ እሠራለሁ፣ እኔ እበላለሁ፣ እኔ እኖራለሁ» እያለ የሚያወራ ሰው የለም፤ «እሠራለሁ» ሲባል ሠሪው ግሱ ውስጥ አለ። «ትራባኾ»ም እንዲሁ ነው። ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ ይዘነው ሳለ በእንግሊዝኛ በኩል እየዞርን «ዮ፣ ዮ፣ ዮ» ማለት ያሳዝነኛል። ተውላጠ ስሙ የሚመጣው ማነጻጸር ሲያስፈልግ ነው፦ «ዮ ትራባኾ፣ ቱ ኮሜስ»፣ እኔ እሠራለሁ፣ አንተ ትበላለህ። «አብላ» ሲባል ደግሞ እሱ ይሁን እሷ ካልታወቀ «ኤል» ወይም «ኤያ» ብሎ መለየት ተገቢ ነው።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ወጥ ቤት እሠራለሁ፤ ባልደረቦቼ አብዛኞቹ የኤል ሳልቫዶር ሰዎች ናቸው። በዕድሜ የገፉትን ሴትዮ በአክብሮት «ኡስቴድ» እላቸዋለሁ፤ «ኡስቴድ አብላን» ስል ግን ያርሙኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ የአማርኛ ተናጋሪ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። እኛ ሰው ስናከብር ግሱን እንደ ብዙ ቁጥር እናደርገዋለን፤ «እርስዎ ይናገራሉ» እና «እነሱ ይናገራሉ» ላይ ግሱ አንድ ነው። በስፓኒሽ «ኡስቴድ» የሚወስደው የ«እሱ»ንና የ«እሷ»ን ነጠላ ቅርጽ ነው፤ ስለዚህ «ኡስቴድ አብላ» ይበሉ። ነገ ይሠሩ እንደሆነ ለመጠየቅ «ኡስቴድ ትራባኻ ማኛና?» ማለት ነው። «አብላን» የሚመጣው የሚያነጋግሯቸው ከአንድ በላይ ሲሆኑ ነው፤ ያኔ «ኡስቴዴስ አብላን» ይላሉ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሴትዮዋ በሌሉበት ስለ እሳቸው ሲያወሩ «እሳቸው» የሚል የአክብሮት ቃል ስፓኒሽ የለውም። «ኤያ አብላ» ማለት ነውር አይደለም።

ጥያቄ፦ እኔም ከኤል ሳልቫዶር ሰዎች ጋር ነኝ። «ቦስ» ይሉኛል፤ «ትራባኻስ» ሲሉም ዜማው መጽሐፉ ላይ እንዳለው አይመስልም።

መልስ፦ ጆሮዎ ጥሩ ነው። «ቦስ» በ«ቱ» ፋንታ የሚነገር «አንተ» ነው፤ በኤል ሳልቫዶርም በአርጀንቲናም ይነገራል። በ«ቱ» የድምፁ ጫና «ባ» ላይ ያርፋል፤ በ«ቦስ» ወደ መጨረሻው «ኻስ» ይወርዳል። «ኮሜስ»ም እንዲሁ ነው። ከ«ኢር» ወገን ግን አናባቢውም ይለወጣል፤ «ቢቤስ» የነበረው «ቢቢስ» ይሆናል። ሲነግሩዎት ይረዱ፤ እርስዎ በ«ቱ» ቢመልሱ ይግባባሉ።

ጫና ካነሣን ዘንድ አንድ አደገኛ ቦታ አለ። «አብሎ» ስንል ጫናው «አ» ላይ ከሆነ «እናገራለሁ» ነው፤ «ሎ» ላይ ከሆነ «ተናገረ» ነው። ስፓኒሹ ሲጻፍ በሁለተኛው ቃል መጨረሻ «ኦ» ላይ ጭረት ይደረጋል፤ ስንናገር ግን የሚለያቸው ጫናው ብቻ ነው። ጮክ ብላችሁ አጥኑ።

ጥያቄ፦ «አብላይስ» የሚለውን ማጥናት አለብኝ?

መልስ፦ ስፔን ለመኖር ካሰቡ አዎን፤ በዕለት ንግግር የሚሠራው እዚያ ነው። በላቲን አሜሪካ «ኡስቴዴስ አብላን» ይበቃል።

ጥያቄ፦ «ነገ እናገራለሁ» ለማለት የግድ የወደፊት ጊዜ እርባታ ያስፈልጋል?

መልስ፦ የግድ አይደለም። «ማኛና አብሎ ኮን ኤያ»፣ ነገ ከእሷ ጋር እነጋገራለሁ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የእኛም «እነጋገራለሁ» ለዛሬም ለነገም ይሆናል። «ከ2019 ጀምሮ እዚህ እኖራለሁ» ለማለትም «ቢቦ አኪ ዴስዴ 2019» ነው፤ እዚህም ከአማርኛው ቀጥታ መሄድ ይቻላል።

ጥያቄ፦ አሉታውስ?

መልስ፦ ከግሱ በፊት «ኖ»፦ «ኖ ኮሞ»፣ አልበላም። ግሱ አይለወጥም።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ስለምማር የሚያለማምደኝ የለም። በምን ልጀምር?

መልስ፦ በጥያቄና በመልስ ይለማመዱ። ጥያቄው በ«ስ» አልቆ ይመጣል፣ መልሱ በ«ኦ» አልቆ ይሄዳል። «ትራባኻስ ኦይ?» ዛሬ ትሠራለህ? «ሲ፣ ትራባኾ።» «ኮሜስ ካርኔ?» ሥጋ ትበላለህ? በጾም ከሆነ፣ «ኖ፣ ኦይ ኖ ኮሞ ካርኔ።»