ጥያቄና መልስ፦ «አስታርቄያቸው ባሰበት»

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሚደርስ ጉልበተኝነትና ስለ ተማሪዎች ደኅንነት የሚጠይቁ ናቸው። የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚጠቁመውን ሁሉ አውጥተናል።

ልጄ 9ኛ ክፍል ነው። ሁለት ልጆች በየቀኑ አስቀያሚ ቅጽል ስም እየጠሩ ያሸማቅቁታል፣ ቦርሳውን ይደብቁበታል። ለትምህርት ቤቱ ስናገር «የልጆች ቀልድ ነው፣ ሲያድጉ ይተዉታል» አሉኝ። እኔ ነኝ ያጋነንኩት? — አንዲት እናት

አላጋነኑም። በዚህ ጉዳይ ላይ ዕድሜ ልኩን የሠራው ተመራማሪ ዳን ኦልቬዩስ ጉልበተኝነትን የለየው በሦስት ምልክት ነው፦ ሆን ተብሎ ይደረጋል፣ ይደጋገማል፣ በሁለቱ ወገን መካከል የአቅም ልዩነት አለ። አቅም ሲባል ጡንቻ ብቻ አይደለም። በቁጥር መብለጥ፣ በክፍሉ ተሰሚ መሆን፣ የሌላውን ምስጢር መያዝም አቅም ነው። ቀልድ ተራ አለው፤ ዛሬ የሳቀው ነገ ይሳቅበታል፣ አንዱ ከከፋው ደግሞ ይቆማል። የልጅዎ ጉዳይ ሁለት ለአንድ ነው፣ በየቀኑ ነው፣ የሚሄደውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመለሱ ጽሑፍ ይዘው ይሂዱ። የሁለት ሳምንት መዝገብ በአንድ ገጽ ይበቃል፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተባለው ቃል እንዳለ፣ አጠገባቸው ማን እንደነበረ። «ልጄን አስቸገሩት» የሚል አቤቱታ በማግሥቱ ይረሳል። «ማክሰኞ ከ3ኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ደረጃው ሥር» የሚል ግን አንድ ሰው ሄዶ እንዲያይ ያስገድዳል። ከስብሰባው ሳይነሱ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ጉዳዩን በስም የሚይዘው ማን ነው? እስከ መቼ ይሠራል? ውጤቱን ለእኔ በምን መንገድ ያሳውቀኛል? መልሱን በዚያው ቀን በአጭር ደብዳቤ አስፍረው ይላኩላቸው።

ለልጅዎ «አንተም መልሰህ በለው» አይበሉት። አቅሙ ቢኖረው ኖሮ እስካሁን ባደረገው ነበር፤ ቢሞክርም መምህሩ ዞር ሲል የሚያየው የእሱን ቡጢ ነው። ሊሄዱ ሲሉ ደግሞ ለማን ምን እንደሚናገሩ አስቀድመው ይንገሩት። ሳያውቅ የተሄደበት ልጅ ሁለተኛ አይናገርም።

የክፍል ኃላፊ መምህር ነኝ። አንዲት ተማሪዬን ሦስት የክፍል ጓደኞቿ ለወራት ሲሰድቧትና ሲያገሏት እንደቆዩ ሰማሁ። አራቱንም ቢሮ ጠርቼ አነጋገርኳቸው፤ ይቅርታ ተጠያይቀው ተቃቀፉ። በሳምንቱ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ቀረች። ምን አጠፋሁ?

ያደረጉት ለጠብ የሚሆን መፍትሔ ነው፤ ይህ ግን ጠብ አልነበረም። ማስታረቅ የሚሠራው አቅማቸው የተመጣጠነና ሁለቱም በኩል ጥፋት ያለባቸው ሰዎች ሲሆኑ ነው። ተማሪዎ በሦስቱ ፊት ተቀምጣ «ምን አደረጉሽ?» ተባለች። እውነቱን ብትናገር በር ላይ ይጠብቋታል፣ ዝም ብትል ምንም እንዳልደረሰባት ይቆጠራል። «ይቅር ተባባሉ» ሲባል ደግሞ እሷም ይቅርታ የምትጠይቅበት ጥፋት እንዳለባት ተወሰደ። ሦስቱ ከዚያ ቢሮ ይዘው የወጡት አንድ ነገር ነው፦ ማን እንደከሰሳቸው።

ከልጅቷ ይጀምሩ። ከወላጇ ጋር ሆነው ያነጋግሯትና «አብሬ ማስቀመጤ የእኔ ስሕተት ነበር» ይበሏት። ይህን ከመምህር አፍ መስማት ለእሷ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ የምትመለስበትን ቀን ዝርዝር አብራችሁ ጻፉ፦ ጠዋት በር ላይ ማን ይቀበላታል፣ የት ትቀመጣለች፣ ሲጨንቃት ምክንያት ሳትጠየቅ ከክፍል ወጥታ ወደ ማን ትሄዳለች። በፊንላንድ ቱርኩ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው «ኪቫ» የተባለው ፕሮግራም አንድ ጥሩ ልማድ አለው፤ በክፍሉ የሚወደዱና የሚከበሩ ከ2 እስከ 4 ተማሪዎች ለብቻቸው ተጠርተው ተጎጂዋን እንዲቀርቧት ይጠየቃሉ። ምሳ ሰዓት ላይ አብሯት የሚቀመጥ አንድ ሰው መገኘቱ ብዙ ይለውጣል።

ሦስቱን በአንድ ጠዋት፣ በክፍለ ጊዜ መካከል፣ አንድ በአንድ ያነጋግሩ። በዕረፍት ሰዓት ከሆነ የመጀመሪያዋ ወጥታ ለሁለተኛዋ ታወራለች፣ ከዚያ በኋላ የሚሰሙት አንድ የተዘጋጀ ታሪክ ነው። መሪ የምትመስለዋ መጀመሪያ ትጠራ። ሁለት አዋቂ ይኑሩ፣ አንዱ ይጻፍ። ለእያንዳንዷ 10 ደቂቃ ይበቃል። «እሷ እንደነገረችን» አይበሉ፤ «እንዲህ ያለ ነገር እየተደረገ መሆኑን እናውቃለን፣ መቆም አለበት» ይበሉ። «ለምን አደረግሽ?» የሚለውንም ይተዉት፤ ሰበብ እንድትፈልግ መጋበዝ ነው፣ ሰበቡም ሁልጊዜ ተጎጂዋ ላይ ያርፋል። ይልቅ «ከነገ ጀምሮ ምን ታደርጊያለሽ?» ብለው ይጠይቁና መልሷን እንዳለ ይጻፉት። «ጥሩ እሆናለሁ» መልስ አይደለም። «በዚያ ስም አልጠራትም፣ ከግሩፑ ያስወጣኋትን መልሼ አስገባታለሁ» መልስ ነው።

አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። በቀል ሲመጣ በጩኸት አይመጣም፤ ስታልፍ ዝም ማለት፣ መጠቃቀስ፣ ሌሎችን በእሷ ላይ ማነሣሣት ነው። ስለዚህ በ3ኛው ቀን፣ በ2ኛው ሳምንትና በ6ኛው ሳምንት ልጅቷን ለብቻዋ ጠርተው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቋት፦ «ከተነጋገርን ወዲህ ምን ተፈጸመ?» ሦስቱንም ቀኖች ዛሬውኑ ማስታወሻዎ ላይ ያስፍሯቸው። የመጀመሪያውን ሁሉም ያደርገዋል፤ ሦስተኛው ነው የሚዘለለው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ሁሉም ተረጋግቷል ተብሎ ይታሰባል።

ቅጣትን በተመለከተ፣ ድብደባና ዛቻ ካለ በዲሲፕሊን ደንቡ ይታይ። ነገር ግን ወዲያው ማባረር መፍትሔ ነው ብለው አያስቡ። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሪፖርት ምሕረት የለሽ የቅጣት ፖሊሲ ትምህርት ቤቶችን ይበልጥ ደኅንነታቸው የተጠበቀ እንደሚያደርግ ማስረጃ አላገኘም። ሌላው የተለመደ ስሕተት ተጎጂዋን ወደ ሌላ ሴክሽን ማዛወር ነው። እሷው ካልጠየቀች በቀር የሚዛወር ካለ አጥፊዋ ትዛወር።

10ኛ ክፍል ነኝ። ክፍላችን ውስጥ አንዷን ልጅ በየቀኑ ያበሽቋታል። ብናገር «አሳባቂ» ይሉኛል፣ ወደ እኔም ይዞራሉ ብዬ እፈራለሁ። — ተማሪ

ፍርሃትሽ ተገቢ ነው፣ ስለዚህ ጀግና ሁኚ አንልሽም። ግን ያለሽን ኃይል ዕወቂው። ተመራማሪዋ ክርስቲና ሳልሚቫሊ እ.ኤ.አ. በ1996 ከባልደረቦቿ ጋር እንዳሳየችው በዙሪያው የቆመው ሰው ሁሉ ሚና አለው፦ የሚያግዝ፣ እየሳቀ የሚያሟሙቅ፣ ዘወር የሚልና የሚከላከል። ካናዳ ውስጥ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በቪዲዮ ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት ደግሞ ሌሎች ልጆች ጣልቃ የገቡት ከመቶ 19 ጊዜ ብቻ ነበር፤ ከገቡባቸው ውስጥ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው (57 ከመቶ) በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል።

ከትንሹ ጀምሪ። አትሳቂ፤ ሳቅ ካጡ ግማሹን ደመወዛቸውን አጡ ማለት ነው። ሁለተኛው ልጅቷን ከቦታው ማንሣት ነው፦ «ነይ፣ መምህሯ ትፈልግሻለች» ብለሽ ይዘሻት ሂጂ፤ ከማንም ጋር መከራከር አያስፈልግሽም። ያም ከከበደሽ፣ በኋላ ለብቻዋ ስታገኛት «ያደረጉት ልክ አልነበረም» በያት። ለአዋቂ ስትናገሪ ከቦታው በቀጥታ አትሂጂ፤ በሌላ ሰዓት ለምታምኛት መምህርት ነግረሽ ስምሽ እንዳይነሣ ጠይቂያት። ማሳበቅ ሰውን ለማስቀጣት ነው፣ አንቺ የምታደርጊው ግን አንዲትን ልጅ ከችግር ለማውጣት ነው። ድብደባ ወይም ስለት ካለ ግን መሃል አትግቢ፤ ሮጠሽ አዋቂ ጥሪ።

ካሜራ አስገጠምን፣ ቅሬታው ግን አልቀነሰም። ምን ቀረ? — ርዕሰ መምህር

ካሜራ ያለፈውን ይመዘግባል እንጂ የሚሆነውን አያቋርጥም። ልጆች ደግሞ የት እንደማያይ በሳምንት ውስጥ ያጠኑታል። መጸዳጃ ቤትና ልብስ መቀየሪያ ውስጥ መግጠም በፍጹም አይገባም፤ ችግር ግን እዚያም ይደርሳል።

የግቢውን ፕላን በአንድ ገጽ አባዝተው ለሁሉም ተማሪ ያድሉ። ተማሪዎቹ ስማቸውን ሳይጽፉ የሚፈሩበትን ቦታ በቀለም ያክቡ፣ ሰዓቱንም ከጎኑ ይጻፉ። ወረቀቶቹን ደራርበው ሲያዩ ሦስት አራት ቦታ ይደምቃል። ተረኛ መምህራን እዚያ ይመደቡ፤ ደወል ከመደወሉ 2 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ፣ አንድ ቦታ ቆመው ሳይሆን እየተዘዋወሩ ይጠብቁ። የመጨረሻው ደወል ከተደወለ በኋላ ያለው 15 ደቂቃ ብዙ ጊዜ ባለቤት የለውም።

ተማሪዎቹን መጠይቅ ካስሞሉ የጉልበተኝነትን ትርጉም መጀመሪያ ያንብቡላቸው፣ ከዚያ ስላለፉት ሁለት ወራት ይጠይቁ። በኦልቬዩስ መጠይቅ «በወር 2 ወይም 3 ጊዜ» እና ከዚያ በላይ የመለሰ ተማሪ እንደ ተጎጂ ይቆጠራል። መምህሩ በዴስክ መካከል እየተመላለሰ ካስሞላ ግን እውነቱን አያገኙም። ሥራው ሲጀመር የሚቀርበው ጥቆማ ቢጨምር አይደንግጡ፤ ልጆቹ መናገር ጀምረዋል ማለት ሊሆን ይችላል። ዝቅ ማለት ያለበት የመጠይቁ ቁጥር ነው። ኖርዌይ ሦስት ታዳጊዎች ራሳቸውን ካጠፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1983 አገር አቀፍ ዘመቻ ስትጀምር ኦልቬዩስ በበርገን 42 ትምህርት ቤቶችን ተከታትሏል፤ ግማሽና ከዚያ በላይ መቀነስ የታየው አዋቂዎቹ ሁሉ፣ ከመምህር እስከ ወላጅ፣ አንድ ደንብ ይዘው ሲሠሩ ነው።

አንድ ተማሪዬ «ለማንም አልናገርም ብለህ ቃል ግባልኝና አንድ ነገር ልንገርህ» አለኝ። ቃል ገባሁለት። አሁን የሰማሁት ዝም የሚባል አይደለም። — መምህር

ዛሬውኑ ያግኙትና «ቃል መግባት አልነበረብኝም» ይበሉት። ለወደፊቱም መልሱ ይህ ይሁን፦ «ከጉዳት ልጠብቅህ ስል መንገር ካለብኝ እነግራለሁ፤ ግን ለማን እንደምነግር አስቀድሜ አሳውቅሃለሁ።» አንዳንድ ልጅ ይህን ሲሰማ ያፈገፍጋል። ቢሆንም ከተሰበረ ቃል ይሻላል።

ሲያወራ አያቋርጡት። «ምን ሆነ?»፣ «ከዚያስ?» ይበሉ እንጂ «መታህ እንዴ?» ብለው መልሱን አፉ ውስጥ አያስገቡለት፤ ጉዳዩ ወደ ሕግ ቢሄድ ቃሉን ያበላሸዋል። በዚያው ቀን በራሱ አነጋገር ይጻፉት፤ ያዩትንና የገመቱትን ለያይተው ያስቀምጡ፣ ሰዓትና ፊርማ ያኑሩበት። ከዚያ በትምህርት ቤቱ ለሕፃናት ደኅንነት ለተመደበው ሰው ያስረክቡ። የተጠረጠረው የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ከሆነ ለርዕሰ መምህሩ፣ ርዕሰ መምህሩ ራሱ ከሆነ ከእሱ በላይ ላለው አካል። ተጠርጣሪውን እርስዎ አይጠይቁት፤ ማስረጃ የሚያጠፋበትና ልጁን የሚያስፈራራበት ጊዜ ይሰጠዋል። ጉዳቱ ከቤት ከሆነ ኃላፊውን ሳያማክሩ ወደ ቤት አይደውሉ። ልጁ ዛሬ ማታ የሚመለስበት ቦታ አደገኛ ከሆነ ደግሞ ነገ አይባልም።

መኖር እንደሰለቸው ከተናገረ «ራስህን ልታጠፋ አስበህ ታውቃለህ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። ብቻውን አይተዉት፤ ለሚረከበው አዋቂ በአካል ያስረክቡት።

የአንዲት ተማሪ የዕርቃን ፎቶ በቴሌግራም ግሩፕ እየተላለፈ ነው። ለማስረጃ ብለን እንያዘው?

አትያዙት፤ አትክፈቱት፣ አታባዙት፣ ለሌላ መምህርም አትላኩት። የልጅ ዕርቃን ምስል መያዝ በራሱ ወንጀል የሚሆንበት አገር ብዙ ነው። የግሩፑን ስም፣ የላከውን መጠሪያና ሰዓቱን በጽሑፍ ያዙ፣ ለሕግ አካልና ለመተግበሪያው አመልክቱ። ልጅቷ ከ18 ዓመት በታች እያለች የተነሣ ከሆነ «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ፤ ምስሉ ከስልኳ ሳይወጣ የቁጥር አሻራው (ምስሉን የሚለይ ኮድ) ብቻ ተወስዶ ተባባሪ ድርጅቶች እንዲያግዱት ይደረጋል። ተራ ስድብና ዛቻ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ ሳይሰረዝና ሳይታገድ በፊት ስምና ሰዓቱ የሚታይ ስክሪንሾት ይወሰድ። «ለምን ተነሣሽ?» ብሎ ማንም እንዳይጠይቃት አድርጉ። ስልኳንም አትንጠቋት፤ ሁለተኛ ጊዜ ቢደርስባት የምትደብቀው ለዚህ ነው።

ልጄ ሌሎችን እንደሚያስቸግር ከትምህርት ቤት ደወሉልኝ። ቤት ውስጥ ግን ጨዋ ነው። — አባት

ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤቱን ከመሞገትዎ በፊት የተጻፈውን ይጠይቁና ያንብቡ። ልጅዎን አይምቱት፤ ትልቅ ትንሽን በጉልበት ማስገደድ እንደሚችል ያስተማሩት እርስዎ ይሆናሉ። ያደረገውን ከራሱ አፍ ይስሙ፣ የሚክስበትን ነገር እሱው ያቅርብ፦ የተቀደደውን ደብተር ገልብጦ መጻፍ፣ በግሩፕ ያሰራጨውን በዚያው ግሩፕ ማስተባበል። ተጎጂው ካልፈለገ ፊት ለፊት ይቅርታ እንዲጠይቅ አይላኩት። በየሳምንቱ ዓርብ ለክፍል ኃላፊው ይደውሉ፣ ለስድስት ሳምንት፤ ልጅዎም እንደሚደውሉ ይወቅ።