የክሬዲት ካርድ ቢል በምን መንገድ ብንከፍል ይሻላል? ለእህታችን ጥያቄ

ሰላም እህቴ፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ያላነበቡት እንዲከተሉን ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። በዲቪ ከመጣችሁ ገና ዓመት አልሞላችሁም። አንቺ ነርሲንግ ሆም ትሠሪያለሽ፣ በየሁለት ሳምንቱ አርብ ይከፈልሻል። ባለቤትሽ ኡበር ይነዳል። የመጀመሪያ ክሬዲት ካርዳችሁን አውጥታችሁ ቢሉ መጣ። አንዱ «ሚኒመሙን (ካርዱ በወሩ የሚጠይቀውን ትንሹን ክፍያ) ብቻ ክፈሉ፣ ትንሽ ዕዳ ሲቀር ስኮር (ዕዳ በመክፈል ምን ያህል እንደምትታመኑ የሚያሳየው ነጥብ) ይጨምራል» አላችሁ። ሌላው «አውቶ ፔይ (በየወሩ ከአካውንት በራሱ የሚሳብ ክፍያ) እንዳትነኩ፣ አካውንታችሁን ባዶ ያስቀረዋል» አለ። ሦስተኛው ቼክ ጽፋችሁ በፖስታ ላኩ አለ። ማንን እንስማ? አንድ ቀን ቢያልፍብንስ ስኮራችን ይበላሻል ወይ? ብለሻል።

እኔ ሜሪላንድ ስኖር ብዙ ዓመት ሆነኝ። አዲስ ለመጡ ዘመዶችና ጓደኞች ቁጭ ብዬ አፑን አብሬ ስከፍትና ሳስተካክል ቆይቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ። ሰው ቢል የሚያሳልፈው ሁልጊዜ ገንዘብ አጥቶ አይደለም። ገንዘቡ የሚገባበት ቀንና ቢሉ የሚከፈልበት ቀን ስለማይገጥሙ ነው። ኪራይ በወሩ መጀመሪያ ይወጣል፣ እሁድ እቁብ አለ፣ በዚያው ሳምንት የካርዱ ቢል ይደርሳል። ስለዚህ «በምን ልክፈል?» ከማለትሽ በፊት «ብሩ መቼ ነው እጄ የሚገባው?» በይ። መንገዱ ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል።

የሚኒመሙን ነገር በቅድሚያ እንጨርሰው። ዕዳ ማስተረፍ ስኮር ይጨምራል የሚባለው ውሸት ነው። ስኮር የሚሠራው ካርዱን ስትጠቀሚና በጊዜው ስትከፍዪ ነው። አበዳሪዎች በብዛት በሚያዩት በፋይኮ ስኮር አሠራር የአከፋፈል ታሪክሽ 35 በመቶውን ይይዛል፣ ከሁሉም ትልቁ እሱ ነው። ዕዳ ያስተረፈ ሰው የሚተርፈው ወለድ ብቻ ነው። በዓመት 24 በመቶ ወለድ 1,000 ዶላር ካደረ በወር 20 ዶላር ገደማ ይበላል። ሚኒመሙ 30 ዶላር ቢሆን ከዕዳው የሚቀነሰው 10 ዶላር ብቻ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ሙሉውን ካልከፈልሽ ወለድ የማይቆጠርበትን የእፎይታ ጊዜ ታጪያለሽ። ከዚያ በኋላ የምትገዢው ወተትና ዳይፐር ሁሉ ከገዛሽበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጥራል። ስቴትመንትሽን (የወሩን የሂሳብ ዝርዝር) ገልጠሽ እዪው፤ ሚኒመም ብቻ ብትከፍዪ ዕዳው በስንት ዓመት እንደሚያልቅ የሚናገር ሰንጠረዥ አለ። ባንኮቹ እንዲያትሙት በሕግ ስለተገደዱ ነው የጻፉት።

አፑ ውስጥ ሦስት ቁጥር ታያለሽ። ሚኒመም፣ ስቴትመንት ባላንስ እና ከረንት ባላንስ። ወለድ ላለመክፈል የሚበቃው መካከለኛው፣ ስቴትመንቱ ሲቆረጥ (የወሩ ሂሳብ ሲዘጋ) የነበረው ዕዳ ነው። ከረንት ባላንስ ስቴትመንቱ ከተቆረጠ በኋላ የገዛሽውንም ይጨምራል፣ እሱ የሚቀጥለው ወር ሂሳብ ስለሆነ አያስጨንቅሽ።

አሁን ወደ አከፋፈሉ። የፖስታ ቼክን እኔ ጨርሶ አልመክርም። ፖስታው መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። ሰው የማያስተውለው ደግሞ ከባንክሽ አፕ ላይ «ቢል ፔይ» የሚለውን ስትጫኚም አንዳንዴ ባንኩ በአንቺ ስም የወረቀት ቼክ ጽፎ በፖስታ እንደሚልከው ነው። አንቺ ብሩ ከአካውንትሽ ሲወጣ አይተሽ ተከፈለ ብለሽ ታርፊያለሽ፤ ቼኩ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ከባንኩ ወደ ካርዱ አትላኪ። ከካርዱ አፕ ውስጥ ሆነሽ ከቼኪንግ አካውንትሽ እንዲስብ አድርጊ። የከፈልሽበት ቀን እዚያው ይመዘገባል፣ ማረጋገጫ ቁጥርም ይሰጥሻል። ስክሪንሾት አንሺው።

አካውንትሽን መጀመሪያ ስታስገቢ ራውቲንግ ነምበሩን (የባንክሽን መለያ ቁጥር) ደጋግመሽ እዪ። 9 አሃዝ ነው። እሱ ወይም የአካውንት ቁጥሩ ከተሳሳተ ክፍያው ከቀናት በኋላ ተመልሶ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ቀኑ አልፏል። ለዚህ ነው በመጨረሻው ቀን መክፈልን የምፈራው። ቢያንስ 3 ቀን ቀደም በይ።

አውቶ ፔይን የከለከለሽ ሰው የፈራው ነገር እውነት አለው። አካውንት ውስጥ በቂ ብር ሳይኖር ቢስብ ክፍያው ይመለሳል፣ ካርዱም ባንኩም ሊቀጡሽ ይችላሉ። ግን መፍትሔው አውቶ ፔይን መተው አይደለም፣ መጠኑን መምረጥ ነው። ሁለታችሁም ቋሚ ደመወዝ ቢኖራችሁ ኖሮ ያለምንም ማመንታት ሙሉ ስቴትመንት ባላንስ ላይ አድርጉት እል ነበር። የእናንተ ቤት ገቢ ግን ግማሹ የኡበር ነው። አንድ ሳምንት ይሞላል፣ አንድ ሳምንት ይቀንሳል፣ መኪናው ጋራዥ የገባ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ የለም። ስለዚህ ለእናንተ የምመክረው ሚኒመሙን በአውቶ ፔይ፣ የቀረውን በእጅ ነው። ሚኒመሙ ትንሽ ስለሆነ አካውንታችሁን አያራቁትም። ብትረሱም፣ ብትታመሙም፣ ሺፍት ቢደራረብባችሁም ቢሉ አያልፍም። ዋናውን ክፍያ ደግሞ ደመወዝሽ በገባበት አርብ፣ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ክፈዪ። ባለቤትሽም ሳምንታዊው ሲገባለት የቻለውን ይጨምር። በወር ሁለትና ሦስት ጊዜ መክፈል ይቻላል፣ አያስቀጣም።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። ስቴትመንታችሁ በየወሩ በ12 ይቆረጣል፣ መክፈያው ቀን ደግሞ በሚቀጥለው ወር በ7 ነው እንበል። በ10 ላይ 200 ዶላር ከፈልሽ። በ12 ስቴትመንቱ ሲቆረጥ 90 ዶላር ቀርቶ ሚኒመም 25 ዶላር ተጻፈ። አንቺ «አሁን በቅርቡ እኮ 200 ከፍያለሁ» ብለሽ ትተዪዋለሽ። ካርዱ ግን ያንን ለባለፈው ሂሳብ ቆጥሮታል። ከ12 በኋላ እስከ 7 ድረስ 25 ዶላሩን ካላየ ዘግይተሻል። ሲከፍል የከረመ ሰው በዚህ መንገድ ሲቀጣ በጣም ያሳዝነኛል። የሚኒመም አውቶ ፔዩ ከዚህም ያድናችኋል።

አውቶ ፔይ በሞላችሁበት ቀን ደግሞ አፑ «የመጀመሪያው ክፍያ መቼ ይጀምራል» የሚለውን በደንብ አንብቡ። ብዙ ጊዜ ከሚቀጥለው ቢል ነው የሚጀምረው። የዚህን ወር በእጅ ክፈሉ። ቀደም ብላችሁ በእጅ ስትከፍሉም አውቶ ፔዩ ከዚያ ላይ ይቀንስ ወይም ሚኒመሙን በድጋሚ ይሳብ ካርዱ ይለያያልና እሱንም እዩት።

መክፈያውን ቀን ማስቀየር እንደሚቻልስ ታውቂያለሽ? ብዙ ካርዶች በአፕ ወይም በስልክ ይቀይሩልሻል። ኪራይ ከወጣ በኋላ ኪሳችሁ እስኪያገግም ከ15 እስከ 20 ባለው ውስጥ ብታደርጉት እመርጣለሁ። ለውጡ አንድ ሁለት ወር ሊወስድ ይችላል፣ እስከዚያ በድሮው ቀን ክፈሉ። በ2009 በወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ መሠረት መክፈያው ቀን በየወሩ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፣ ስቴትመንቱም ቢያንስ ከ21 ቀን በፊት ሊላክልሽ ይገባል።

አንድ ቀን ካለፈ ስኮር ይበላሻል ወይ ላልሽው፦ አይበላሽም። መዘግየት የክሬዲት ታሪክ ለሚመዘግቡት ድርጅቶች፣ ለኢኩዊፋክስ፣ ለኤክስፒሪያንና ለትራንስዩኒየን የሚነገረው 30 ቀን ሲሞላው ነው። ከዚያ በኋላ ግን 7 ዓመት ይከተልሻል። አንድ ቀን ካለፈ ቅጣት አለ፣ ሙሉውን ካልከፈልሽም ወለድ አለ። ቅጣቱ 30 ዶላር አካባቢ ሊደርስ ይችላል፣ በቅርብ ወራት ከተደገመ ወደ 40። ስለዚህ ካለፈባችሁ አትደንግጡ። ያኔውኑ ቢያንስ ሚኒመሙን ክፈሉ፣ ከዚያ ከካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውላችሁ በትህትና ቅጣቱ እንዲነሳላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ብዙ ጊዜ ያነሱታል። እንግሊዝኛው ካስቸገረ አስተርጓሚ ይኖራቸው እንደሆነ ጠይቁ። ማፈር አያስፈልግም፣ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

አገር ቤት ለመሄድ ካሰባችሁ ደግሞ ይህን ያዙ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለገና አዲስ አበባ ገብቶ እስከ ጥምቀት ቆየ። ቢሉን እዚያ ሆኖ ለመክፈል አፑን ሲከፍት ኮድ በቴክስት ይላክልህ አለው። ኮዱ የሚሄደው ወደ አሜሪካ ቁጥሩ ነው፣ ያ ሲም ደግሞ አዲስ አበባ ላይ አልሠራለትም። ብሩ አካውንቱ ውስጥ ተቀምጦ መግባት አልቻለም። በመጨረሻ ወንድሙ ነው እዚህ ሆኖ ያገዘው። ስለዚህ ከመሳፈራችሁ በፊት አውቶ ፔዩን ሙሉ ስቴትመንት ባላንስ ላይ አድርጉት፣ ለዚያ የሚሆን ብርም አካውንቱ ውስጥ ትታችሁ ሂዱ።

በመጨረሻ፣ ለእናትሽ ብር በዚህ ካርድ እልካለሁ ብለሽ የጻፍሽው አሳስቦኛል። ብዙ ካርዶች ሐዋላን እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ነው የሚቆጥሩት። ያ ብድር የእፎይታ ጊዜ የለውም፣ ከላክሽበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጥራል፣ የራሱ ተጨማሪ ክፍያም አለው። ወለዱም ከዕቃ ግዢው ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ቢሉን በጊዜው ብትከፍዪው እንኳ ከዚህ አታመልጪም። ለእናትሽ የምትልኪውን ከዴቢት ካርድሽ ወይም በቀጥታ ከቼኪንግ አካውንትሽ ላኪ። የመክፈያ ቀናችሁንና ስቴትመንቱ የሚቆረጥበትን ቀን እዚህ ጻፊልኝ፣ ከአርብ ደመወዝሽ ጋር የሚገጥም ቀን አብረን እንመርጣለን።