ስልኩ የማን ነው?

ደሴና ኮምቦልቻ ሶፍትዌር ለምትማሩ፣ ስልክ ላይ የሚሠራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለመሥራት ለምታስቡ ልጆቼ፤

በዚህ ሙያ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ስታገኙኝ ሁልጊዜ የምትጠይቁኝ የትኛው ሞዴል፣ ማለትም ከመረጃ ተምሮ ሥራውን የሚሠራው የፕሮግራሙ አንጎል፣ እንደሚሻል ነው። እኔ ደግሞ ስልኩ የማን እንደሆነ መልሼ እጠይቃችኋለሁ። ጥያቄዬ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

አክስቴ ደሴ ሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። ማንበብ አልተማረችም። ደንበኞቿ ገንዘብ ሲልኩላት የባንኩን መልእክት የሚያነብላት ያገኘችው አላፊ አግዳሚ ነበር፤ ስንት ብር እንዳላት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ይህ አንገበገበኝና መልእክቱን በአማርኛ ድምፅ የሚያነብላት መተግበሪያ ልሠራ ተነሣሁ። ሥራው እዚያው ስልኩ ውስጥ ማለቅ ነበረበት። ከጎረቤት ደብቄ ወደ ሩቅ ሰርቨር ብልከው ምኑን ምስጢር ጠበቅኩላት? ኔትወርክ በሌለበት ቀንም ማንበብ አለበት፤ ያለ ኔትወርክ የከረምንባቸውን ወራት እናንተም አትረሱም።

ጨርሼ ወሰድኩላት። መተግበሪያው 300 ሜጋባይት ነበር፤ ስልኳ ቦታ የለኝም አለ። ከፍቼ ሳይ የሞላው የልጅ ልጆቿ ፎቶ ነው። "የትኛውን ላጥፋው?" አልኳት። ስልኩን ቀስ አድርጋ ከእጄ ወሰደችና መቀነቷ ውስጥ መለሰችው። አንድም ቃል አልተናገረችም።

ሥራውን መማር የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው እላለሁ። የሞዴል ክብደት ቀላል ሒሳብ ነው፦ 1 ቢሊዮን ፓራሜትር (ሞዴሉ የተማረውን የሚይዝባቸው ቁጥሮች) እያንዳንዱ በ32 ቢት ሲቀመጥ 4 ጊጋባይት ይይዛል፤ በ8 ቢት 1 ጊጋባይት፣ በ4 ቢት ግማሽ ጊጋባይት። ቁጥሮቹን በጥቂት ቢት እንዲያዙ ማጠጋጋት ኳንታይዜሽን ይባላል፤ የሚሠሩበት መሣሪያም በ2017 እ.ኤ.አ. የጉግሉ ቴንሰርፍሎው ላይትና የአፕሉ ኮር ኤምኤል ከወጡ ወዲህ ሞልቷል። ሲጠጋጋ ምን እንደጎደለ ግን አማካይ ውጤት አይነግራችሁም። የእኔው ሞዴል ሲጨመቅ ድምፁ እንደ ወትሮው ያማረ ነበር፤ አልፎ አልፎ ግን ከብሩ ላይ ዜሮ ይውጥ ጀመር። 1,500 ብር "አንድ መቶ ሃምሳ" ተብሎ ሲነበብ በጆሮዬ ሰማሁ። ለነጋዴ ከዚህ የባሰ ስሕተት የለም። ሌላ ሞዴል ፍለጋ አልሄድኩም፤ አኃዝን ወደ ቃል የሚለውጠውን ክፍል ከሞዴሉ ነጥዬ በተራ ኮድ ጻፍኩት። ዜሮ መጥፋቱ ቀረ። ተራ ደንብ የሚበቃውን ነገር ለሞዴል አትስጡ። ይህን ስል ቅር የሚላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከአቋሜ አልነቃነቅም።

ጦሳ ተራራ ሥር፣ በደሴ ብርድ ቀልጥፎ የዋለው መተግበሪያ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ሲደርስ ተንቀራፈፈ። ስልክ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አንድ ደቂቃ ለክታችሁ አትመኑ፤ ሃያ ደቂቃ አሠሩት፣ ባትሪውንም እዩ።

ቋንቋችንም የራሱ ዋጋ አለው። ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አሠራር አንድ ተራ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲሆን አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ "ገንዘብ" ብቻውን 12 ባይት ይወስዳል። አማርኛን በቅጡ ያልተማረ ሞዴል ቃሉን ይበታትነዋል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ደግሞ ጊዜና ባትሪ ይበላል። ስለዚህ ቃል የሚከፋፍለውን ቶክናይዘር አስቀድማችሁ መርምሩ። "ፀሐይ" እና "ጸሀይ" አንድ ቃል መሆናቸውን ከእናንተ በቀር ማን ያስተምረዋል?

ውድ ኮምፒውተር የለንም ብላችሁ የምታዝኑ፣ አብሽሩ። ስልክ ጠጋኞች ዘንድ ሄዳችሁ ራሙ (ሲሠራ የሚጠቀምበት ማህደረ ትውስታ) 2 ጊጋባይት የሆነ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ተዋሱ። እሱ ላይ የሠራ ሌላውም ላይ ይሠራል።

የአክስቴ መተግበሪያ አሁን ከ40 ሜጋባይት በታች ነው። ፎቶዎቹ አሉ። መልእክት ሲመጣ ፊቷን ከገበያተኛው ዞር አድርጋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትለጥፋለች፤ ሰምታ ስታበቃ ወደ መቀነቷ ትመልሰዋለች።