ለቁልቢ ገብርኤል ተስሎ ሲጋራ ያቆመውን፣ መልሶም የጀመረውን ጓደኛችንን እንዴት እንርዳው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ድሬዳዋ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ግቢ ጉባኤም እከታተላለሁ። ዶርም አብሮን የሚኖር ልጅ ሲጋራ ያጨሳል። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ሄዶ «ሁለተኛ አላጨስም» ብሎ ለገብርኤል ተሳለ፤ ብዙም ሳይቆይ ጀመረ። አሁን «ስእለቴን በላሁ» ብሎ ቤተ ክርስቲያን መምጣቱን ተወ። አንዳንዶቻችን ከመዝሙር ክፍል ይታገድ እያልን ነው። ማጨስ ኃጢአት ነው? እንዴትስ እንርዳው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አዎ፣ ኃጢአት ነው። ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው (1ኛ ቆሮ. 6፥19)፤ እያወቁ ማፍረስ አይገባም። እዚያው ምዕራፍ ላይ ከፍ ብሎ ቅዱስ ጳውሎስ ምንም ነገር እንዳይሠለጥንበት ይናገራል፤ ሲጋራ ደግሞ መሠልጠን ያውቅበታል። ይሄን ግን ጓደኛህ ከእኔም ከአንተም በላይ ያውቀዋል። ባያውቀው ቁልቢ ድረስ ምን አስኬደው? ስለዚህ ስብከት አትጨምሩበት።

ያልነገራችሁት ነገር ሌላ ነው። ኒኮቲን የለመደ ሰውነት ሲከለከል ይታመማል። የመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ይብሳሉ፤ ከዚያ በ3 ወይም በ4 ሳምንት እየቀለለ ይሄዳል። በነዚያ ቀናት ልጁ ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ደብተር ገልጦ አንድ ገጽ መጨረስ ያቅተዋል። እናንተ «ምን ሆነህ ነው?» ትሉታላችሁ፣ አንዳንዱም መንፈስ ነው ይለዋል፣ እሱም «በቃ እኔ አልድንም» ብሎ ወደ ሱቅ ይሮጣል። አምሮቱ ግን ሲነሣ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ውሃ ስጡት። ከዶርም ይዛችሁት ውጡ። አቡነ ዘበሰማያት አብራችሁት ድገሙ፤ ጸሎቱ ሳያልቅ አምሮቱ ጋብ ሊል ይችላል።

ትልቁ ፈተና ግን የድሬ ከሰዓት በኋላ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ የአወዳይ ጫት ይመጣል፣ ምርቃናው ሲይዝ ሲጋራው ይከተላል። በተለይ ፈተና ሲደርስ «ለጥናት ነው» ይባላል። ጫቱን እየቃሙ ሲጋራውን ብቻ መተው፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ለብዙዎች ከንቱ ልፋት ነው። ያቺን ሰዓት ሌላ ነገር ያዙባት፤ ላይብረሪ ግቡ፣ ካልሆነም በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር አብራችሁት ተራመዱ። ግቢ በር ላይ ያለው ሱቅ በደረቴም አለ። ሲጋራ በፍሬ መሸጥም ሆነ ዕድሜው 21 ላልሞላው መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከልክሏል፤ ማን ሰምቶ! ስለዚህ ለጊዜው በዚያ በር ብቻውን እንዳያልፍ አድርጉ።

«ሲጋራ ምግብ አይደለም፣ ጾም አይገድፍም» የሚሉም አሉ። ራስን ማታለል ነው። እህል ውሃ የማይቀምስ ሰው ጭስ እየሳበ ጾመ አይባልም። ሙስሊም ጓደኞቻችሁን በረመዳን እዩአቸው፤ አጫሽ የሆነው ሁሉ እስከ መግሪብ ይታገሣል። የእኛም ልጅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ከቻለ ከዚያ በኋላ ያለውን መግፋት አያቅተውም።

ስእለቱስ? ተስሎ አለመፈጸም ቀላል አይደለም፣ መክብብም ባትሳል ይሻላል ይላል (5፥5)። ግን ስእለት ያፈረሰ ሰው ወዴት ይሂድ? ወደ ንስሐ አባቱ ነው እንጂ! «ስእለቴን በላሁ» ያለውን ቃል ለእርሳቸው ይንገራቸው፤ ቀኖናውንም፣ መቼ እንደሚቆርብም እርሳቸው ይነግሩታል። አንተ በር ድረስ ሸኘው። ሌላ ስእለት ግን አታስገቡት፤ «አምላኬ ሆይ፣ ዛሬን አሳልፈኝ» ካለ ይበቃዋል። ነገም እንደዚያው። ደግሞ ቢወድቅ ደግሞ ይነሣል። ጻድቅ ሰባት ጊዜ ወድቆ ይነሣል ተብሎ የለ (ምሳ. 24፥16)!

ጸበል ይጠመቅ፣ ክሊኒክም ይሂድ። ሲራክ ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል (38፥1)፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል የእኛ ነገር ነው።

አሁን ወደ እገዳው። ሲጋራ ሸትቶት ቢመጣ አፍንጫችሁን አትያዙ፣ በስብሰባም ስሙን አታንሡ። የንስሐ አባቱ ለጊዜው አይዘምር የሚሉ ከሆነ ለራሱ ይንገሩት። ልምምድ ላይ ግን ይቀመጥ። ልምምዳችሁ አሥር ሰዓት ላይ ከሆነማ፣ ጫቱ የሚዘረጋው በዚያው ሰዓት ነው፤ ከእናንተ ዘንድ አስወጥታችሁ ወዴት ልትልኩት ነው?