ቤት ሆናችሁ በስልክ ለምታስተረጉሙ ልጆች

ልጆቼ፣

እኔ ያረጀሁት በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሀበሻን ታክስ ስሠራ ነው። ድሮ ቢሮዬን የሚሞላው ባለታክሲና የፓርኪንግ ሠራተኛ ነበር። አሁን አሁን ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ሄድሴት ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ በደቂቃ እየተከፈለው እናቶችን ከሐኪማቸው ጋር የሚያነጋግር ወጣት በዝቷል። ጥሩ ሥራ ነው። ጣጣው ገንዘቡ ምንም ሳይቆረጥለት መግባቱ ነው።

ደብልዩ-2 (የተቀጣሪ ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ ወረቀት) የሚቀበል ሠራተኛ ታክሱን አሠሪው ቆርጦ ይከፍልለታል። የሶሻል ሴኩሪቲውን (የጡረታውን) እና የሜዲኬሩን (የአረጋውያን ሕክምናውን) መዋጮም ግማሽ አሠሪው ይችልለታል። በ1099፣ ማለትም ሳትቀጠሩ በግላችሁ ሠርታችሁ የተከፈላችሁን በሚያሳየው ወረቀት፣ ስትሠሩ ግን አሠሪውም ሠራተኛውም እናንተው ናችሁ። ለእነዚህ ለሁለቱ ብቻ ከትርፋችሁ 15.3 በመቶ ገደማ ይሄዳል። የፌዴራሉና የስቴቱ የገቢ ግብር ደግሞ በዚያ ላይ ይጨመራል። ስለዚህ ክፍያው በገባበት ቀን ቢያንስ ሩቡን ወደ ሌላ አካውንት አዙሩት። ካርድ የሌለው አካውንት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

«ዕቁብ ልግባበትና ያኔ እከፍላለሁ» የሚሉኝ አሉ። ዕቁብ እወዳለሁ፤ ስንቱ በዕቁብ ቤት ገዝቷል። ለታክስ ግን አይሆንም። አይአርኤስ (የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ዕጣችሁ እስኪወጣ አይጠብቅም።

ዓመቱ ሲያልቅ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ዕዳ የሚኖርባችሁ ከመሰላችሁ ደግሞ በየጊዜው መክፈል አለባችሁ። ቀኖቹ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15 ናቸው። ሩብ ዓመት ይሉታል እንጂ ከመጀመሪያው ክፍያ እስከ ሁለተኛው ያለው ሁለት ወር ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚያ ላይ ነው። «ስንት ልክፈል?» ለሚል፣ ያለፈው ዓመት ገቢው ከ150,000 ዶላር ካልበለጠ የዚያን ዓመት ጠቅላላ ታክስ ለአራት አካፍሎ በእነዚህ አራት ቀኖች ቢከፍል ከቅጣት ይድናል። በአይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይከፈላል።

ደረሰኝን በተመለከተ ብዙ አልልም። የሱቅ ደረሰኝ ቀለሙ ቶሎ ይጠፋል፤ የዚያኑ ቀን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ቢያንስ ሦስት ዓመት አስቀምጡት። ለሥራው የገዛችሁት ሄድሴትና ለሥራ የዋለው የኢንተርኔት ድርሻ ከገቢያችሁ የሚቀነስ ወጪ ነው። ለእናታችሁ አዲስ አበባ የላካችሁት ግን የሥራ ወጪ አይደለም። ይህን ስናገር የሚከፋው ሰው አይጠፋም፤ ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።

ስለ ቤት ቢሮም ሁሌ ጥያቄ አለ። ቦታው ዘወትር ለሥራ ብቻ የሚውል መሆን አለበት። ማታ እንግዳ የሚተኛበት ክፍል አይቆጠርም። ቁምሳጥኑን አጽድታ፣ ግድግዳውን ድምፅ እንዳያስተጋባ በብርድ ልብስ ሸፍና የምታስተረጉም ልጅ አውቃለሁ። ስድስት በስምንት ጫማ ናት፤ በቀላሉ ስሌት በካሬ ጫማ 5 ዶላር ሲታሰብ 240 ዶላር ከገቢዋ ይቀነስላታል። ትንሽ ነው፣ ግን ሐቅ ነው። በቀላሉ ስሌት የሚፈቀደው ደግሞ እስከ 300 ካሬ ጫማ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ጋሼ፣ ወጪውን ከፍ አድርገው ትርፉን ዝቅ ያድርጉልኝ» የሚለኝ ልጅ የማይመጣበት ዓመት የለም። ሕገወጥ መሆኑን ተዉትና ራሱን እንዴት እንደሚጎዳ ተመልከቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤት ልግዛ ብሎ ባንክ ይሄዳል። ባንኩ የሚጠይቀው የሁለት ዓመት ታክሱን ነው፤ የሚያየውም ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበት የታክስ ቅጽ) ላይ ያለውን የተጣራ ትርፍ ነው። «እውነተኛው ገቢዬ ከዚህ ይበልጣል» ቢል ማን ይሰማዋል? እናቱን ላምጣ ሲል ደግሞ አይ-864 የሚባለውን፣ የሚመጣውን ሰው በገንዘብ እደግፋለሁ ብሎ የሚፈርምበትን ቅጽ ይሞላል። እዚያ ላይ ገቢው ለቤተሰቡ ቁጥር ከተቀመጠው የድህነት መለኪያ 125 በመቶ መድረስ አለበት። አሁንም የሚታየው ታክሱ ላይ የጻፈው ቁጥር ነው። ያልደረሰለት ሰው አብሮ የሚፈርምለት ፍለጋ የወዳጅ ዘመድ በር ያንኳኳል። ልመናው እንዴት እንደሚከብድ አይቻለሁ። ጡረታውም እንዲሁ ነው። ለሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ 40 ክሬዲት (ከሥራ ገቢ የሚገኝ ነጥብ) ያስፈልጋል፤ በዓመት የሚገኘው ቢበዛ አራት ነው። ክሬዲቱም የጡረታው መጠንም የሚሰላው ካሳወቃችሁት ገቢ ነው።

«1099 ስላልመጣልኝ አላስገባሁትም» የሚልም አለ። ወረቀቱ መጣም አልመጣም ገቢው ገቢ ነው። የተጣራ ትርፋችሁ 400 ዶላር ከደረሰ ማሳወቅ ግድ ነው።

ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው ስትመርጡ፣ ከተመላሹ ገንዘብ በመቶኛ የሚያስከፍለውን ሽሹ። የሠራውን ሰነድ ላይ ስሙንና የታክስ አዘጋጅነት ቁጥሩን አስፍሮ የማይፈርመውንም እንዲሁ። ኮፒያችሁን ሳትይዙ ከቢሮው አትውጡ።

ከአይአርኤስ ፖስታ ከመጣ በዚያው ቀን ክፈቱት። ሲፒ 2000 የሚል ከሆነ እናንተ ያሳወቃችሁትና ከፋዩ የላከው ቁጥር አልገጠመም ማለት ነው እንጂ የመጨረሻ ዕዳ አይደለም። ካልተስማማችሁ ማስረጃችሁን አያይዛችሁ ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን በፊት መልሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ይሰጣል።