የፊደል ኮድ ሲቀየር ነባር ፋይሎች ምን ይሆናሉ?

ጥያቄ፦ ደሴ በሚገኝ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ፋይሎችን እይዛለሁ። አዲሱ የሊኑክስ (የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና) እትም ሲጫን መደበኛው የፊደል ኮድ፣ ማለትም ፊደላት በኮምፒውተር ውስጥ በቁጥር የሚወከሉበት ስልት፣ ከላቲን-1 (ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች ከተዘጋጀው) ወደ ዩቲኤፍ-8 (የዓለምን ፊደላት ወደሚያካትተው) እንደሚቀየር ተነግሮናል። ነባሮቹ ፋይሎች ይበላሹ ይሆን?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ለውጡ ብቻውን በፋይሉ ውስጥ ያለውን አንድም ባይት (ፋይሉ የተሠራበትን ትንሽ የመረጃ ክፍል) አይነካም፤ የሚለወጠው ፕሮግራሞች ባይቱን የሚያነቡበት መንገድ ነው። ሬድ ሃት ሊኑክስ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣው 8.0 እትሙ ይህንኑ ለውጥ አድርጓል። አጥብቀን የምንሰጋው ግን ጽሑፉ ተዘበራርቆ ሲከፈት ሠራተኛው ሳያስተውል መልሶ ካስቀመጠው ነው፤ ያን ጊዜ ዋናው ባይት በመተኪያ ምልክት (ሊነበብ ባልቻለ ፊደል ቦታ በሚገባ ምልክት) ተተክቶ ሊጠፋ ይችላል።

ሌላው ችግር ጽሑፉ የሚይዘው ቦታ ስፋት ነው። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ «ኮምቦልቻ» 15 ባይት ይፈልጋል፤ 10 ባይት ብቻ በተመደበለት ቦታ ላይ አራተኛው ፊደል መሐል ለመሐል ይቆረጣል። ዩቲኤፍ-8 የተመሠረተበት ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ቁጥር ዝርዝር፣ ዩኒኮድ፣ ግዕዝን ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፣ በቀድሞዎቹ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፉት ሰነዶች ለየፎንቱ የተዘጋጀ መቀየሪያ ያስፈልጋቸዋል።

ስለዚህ አስቀድመው ቅጂ ያስቀምጡ፤ የላቲን-1 ፋይሎችን በአይኮንቭ (የፋይልን ይዘት ከአንድ የፊደል ኮድ ወደ ሌላ በሚቀይር ፕሮግራም) ቀይረው ውጤቱን በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ የፋይል ስሞችንም ለየብቻ ይመልከቱ። አንድ ጊዜ የተቀየረን ፋይል ደግመው አይቀይሩ፤ ደህናው ጽሑፍ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው።