ከካርድ ክፍል፦ ስለ ቆዳ ድርቀት ኮድ ጠይቁኝ

ድሬዳዋ ውስጥ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ሐኪም የጻፈውን ምርመራ በአይሲዲ 10፣ ማለትም በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መለያ ዝርዝር፣ ወደ ኮድ እለውጣለሁ። ሰሞኑን ስለ ቆዳ ድርቀት የሚጠይቀኝ ስለበዛ እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ፦ የልጄ ካርድ ላይ «ኪው 80.0» ይላል። ምን ማለት ነው?

ኢክቲዮሲስ ቩልጋሪስ ማለት ነው፤ በዘር የሚተላለፍ የቆዳ ድርቀት። ስሙ የመጣው ዓሣ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፣ ቅርፊቱን አይተው። እናት ፊት ግን ይህን አላወራም።

ጥያቄ፦ ተላላፊ ነው እንዴ?

በፍጹም! «በዘር የሚተላለፍ» ሲባል ሰው «ተላላፊ» ብሎ ይሰማና ይደነግጣል። በአንድ ትሪ ብሉ፣ አብራችሁ ተኙ።

ጥያቄ፦ የእኔ ደግሞ «ኤል 85.3» ነው። ያው አይደለም?

አይደለም። እሱ ተራ ድርቀት ነው። ሳሙና፣ አየር፣ ዕድሜ ያመጣዋል። ሁለቱ የሚምታቱት ሐኪሙ «ደረቅ ቆዳ» ብሎ ብቻ ሲያልፍ ነው። አንድ ቀን እንዲህ ያለ የሕፃን ካርድ ደረሰኝ፤ «እግር፣ ደረቅ፣ ቅርፊት» ይላል፣ በቃ። ካርዱን ይዤ ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። ልጁን እንደገና አየው፦ የክርኑ እጥፋት ንጹሕ፣ የመዳፉ መስመሮች ጥልቅ። አባትየው ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ የራሱን ቅልጥም አሳየ፤ ያው ቅርፊት! ሐኪሙ ምርመራውን አስተካክሎ ጻፈ፣ እኔም ኪው 80.0 አልኩ። በግምት ኮድ አልሰጥም።

ጥያቄ፦ «ኢክቲዮሲስ» ብቻ ተብሎ ቢጻፍስ?

ኪው 80.9፣ ያልተለየ። አልወደውም። ወንዶቹን ብቻ ይዞ፣ የእናት ወንድምም ካለበት በኤክስ ክሮሞዞም የሚወረሰው ሊሆን ይችላል፤ እሱ ኪው 80.1 ነው። ስለዚህ ሐኪም ጋ ስትገቡ የአጎቱንም ቆዳ ንገሩ።

ጥያቄ፦ በ45 ዓመቴ ነው የጀመረኝ። በዘር ይሆን?

ካደጉ በኋላ የሚመጣ ቅርፊት ኤል 85.0 ነው፤ ከበስተጀርባው ሌላ በሽታ ሊኖር ይችላል። ቅባት ብቻ ገዝተው አይቀመጡ፣ ይመርመሩ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሐረር ሲከርም ይብስበታል፣ ድሬ ሲመለስ ይሻለዋል። ይሆናል?

ይሆናል። ብርድና ደረቅ አየር ያብሰዋል። ታጥቦ ሰውነቱ ሳይደርቅ ቫዝሊን ቀቡት። ከባዱ ዓይነት፣ ላሜላር የሚባለው ኪው 80.2፣ ግን ላብ በደንብ ስለማያስወጣ የድሬ የቀትር ፀሐይ አደገኛው ነው። እሱን ጥላ ውስጥ አቆዩት።

ጥያቄ፦ ኮዱ ስህተት ከመሰለኝስ?

መጀመሪያ ሐኪሙን። እሱ ካስተካከለ እኔ መስኮቱ ጋ አለሁ።